የዓመቱን ቃል ለጠየቃችሁኝ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ ከመዘምራኑ አንዱ በር ላይ ያዘኝ። ስልኩን አውጥቶ የባነር ናሙና አሳየኝ። ወርቃማ ፊደል አለው፤ ንስር አለው፤ ከንስሩ ጀርባ ፀሐይ ትወጣለች። መሐሉ ባዶ ነው። «ቄስ፣ የዓመቱን ቃል ይስጡን። ማተሚያ ቤቱ እስከ ረቡዕ ካላስገባችሁ ለእንቁጣጣሽ አይደርስም ብሎናል። ‹የከፍታ ዓመት› እንበለው ወይስ ‹የመሻገር ዓመት›?» አለኝ።

ልጁ ቅን ልጅ ነው። «እስቲ ላስብበት» ብዬው ተለያየን። ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ ገባ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ብዙ ዓመት ያለፈው ነገር ትናንት የሆነ ያህል መጣብኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው። ስለ ጾምና ጸሎት፣ መጽሐፍ ቅዱስን በየቀኑ ስለ ማንበብ አልጽፍም። እሱን ታውቁታላችሁ፤ የማታደርጉትም ባለማወቅ አይደለም።

ነገሩ የሆነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። እኔ ገና ወንጌላዊ ነበርኩ፤ ቅስና አልተቀበልኩም። የማኅበረ ምእመናናችን አዳራሽ ያኔ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ነበረው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ስብከት አይሰማም። ሰባኪው ዝም ይላል፣ መዘምራኑ ይነሣሉ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ይዘመራል። እስከ ዛሬ አንዳንድ መዝሙር ስሰማ እርጥብ ጭቃ ይሸተኛል። ማይክ አልነበረንም፣ ኪቦርድ አልነበረንም። አንድ ሰው ከቀረ ግን መቅረቱ ይታወቅ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ቤቱ ይሄዳል።

በመካከላችን አንድ እንጨት ጠራቢ ወጣት ነበር። ስሙን አልጠራም። የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እናቶቻችሁ ቡና ሲያፈሉ የሚቀመጡበት ነው። ሲሠራ ያያችሁት ግን ጥቂት ትሆናላችሁ። በርጩማው አይገጣጠምም፤ መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ ግንድ ነው የሚወጡት። ይህ ልጅ የዋንዛ ግንዱን በመጋዝ ይቆርጣል፣ በመጥረቢያ ቅርጽ ያስይዘዋል፣ ከዚያ ሆዱን በመሮ እየፈለፈለ ሦስቱን እግሮች ያወጣቸዋል። ከባዱ ሥራ እዚያ ላይ ነው። መሮው ትንሽ ካመለጠ አንዱ እግር ይሰነጠቃል፣ የሳምንት ልፋት ማገዶ ይሆናል። መጨረሻ ላይ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አሽቶ ቨርኒሽ ይቀባዋል። «ምስማር የነካው በርጩማ የጅማ አይደለም» ይል ነበር። ሕርማታ አካባቢ በረንዳ ላይ ነበር የሚሠራው። ሁለት ልጆች ሙያውን እያስተማረ አብረውት ይውላሉ። እናቱ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ነበረች፤ ቤቱን የያዘው ግን የእሱ እጅ ነበር።

ያን ዓመት ከአንድ ሆቴል ትልቅ ትእዛዝ አገኘ። ሃያ በርጩማና ጠረጴዛዎች። የሆቴሉ ባለቤት ሐጂ ነበሩ፤ ግማሹን ብር በቀብድ ከፈሉት። ልጁ በደስታ ወደ ቤቴ መጥቶ የነገረኝ አይረሳኝም። ከዚያ ብር አስራቱን አውጥቶ ማክሰኞ ዕለት ይዞልን መጣ፤ እሑድ እስኪደርስ መጠበቅ አቃተው።

ጳጉሜን መጨረሻ ላይ የዘመን መለወጫ አዳር ጸሎት ነበረን። ወጣቶቹ ከአዲስ አበባ አንድ እንግዳ አገልጋይ ጋበዙ። ሰውየው ደህና አድርጎ ሰበከ፤ ይህን አልክድም። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ሰው እያስነሣ መናገር ጀመረ። «አንተ ነጭ ሸሚዝ የለበስከው፣ ተነሥ» አለ። ጠራቢው ልጅ ተነሣ። «አውሮፕላን አያለሁ። እጅህ ላይ ቪዛ አያለሁ። ጥምቀትን እዚህ አገር አታከብርም። በእጅህ የያዝከውን እንጨት ጣል!» አለው።

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እንጨት ጠራቢ መሆኑን በምን ያውቃል? ማን ነገረው? እናቱ መሬት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ አንዲት እኅት ያለችኝ ነገር ነው ልቤ ላይ የቀረው። «የልጁ ጣቶች እኮ ሁልጊዜ በቨርኒሽ እንደ ጠቆሩ ነበሩ። ማንም ቢያይ ያውቃል።» እሱ እጆቹን አንሥቶ ነበር የሚጸልየው።

ልጁ የተባለውን አደረገ። ተዉት ልጆቼ፣ ማንም አይሳቅበት። እግዚአብሔር ተናገረህ ተብሎ፣ ሕዝቡ ሁሉ አሜን ብሎ፣ እናቱ አልቅሳ፣ ሃያ ምናምን ዓመት የሞላው ልጅ ምን ያድርግ? ሁለቱን ልጆች አሰናበተ። በቀብዱ ብር አዲስ አበባ ወጥቶ ፓስፖርት አወጣ። ዲቪ ሞላ። መሮዎቹን፣ መጋዙን፣ መጥረቢያውን የሐሙስ ገበያ ላይ ሸጠ። ሰው «ሥራ እንዴት ነው?» ሲለው «ፕሮሰስ ላይ ነኝ» ይላል። ይህቺን ቃል ዛሬም በየመንደሩ እሰማታለሁ፤ በሰማኋት ቁጥር እሱ ይታወሰኛል።

ጥምቀት መጣ፣ ሄደ። «ጥምቀት ያለው የዚህን ዓመት ላይሆን ይችላል» ተባለ። ፋሲካም መጣ፣ ሄደ። በዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ‹ቀብድ በልቶ ጠፋ› እየተባለ ይወራ ነበር። አንድ ቀን ሐጂው ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ድረስ መጡ። ሽማግሌዎቹ ስለ ብሩ የሚከሱት መስሏቸው ደነገጡ። ሐጂው የጠየቁት ሌላ ነበር። «ልጁ ታሟል እንዴ? ሁለት ጊዜ ቤቱ ሄጄ አላገኘሁትም። ታሞ ከሆነ ሐኪም እናሳየው» ነበር ያሉት። ከእኛ መካከል እንዲህ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ገንዘባቸው የተበላባቸው ሰው ጠየቁ።

ከዚያ የባሰው መጣ። የተባለው ሳይሆን ሲቀር ሰው ምክንያት ይፈልጋል። የተናገረውን ሰው መጠየቅ ይከብዳል፤ ደግሞም የለም፣ ወደ አዲስ አበባው ተመልሷል። በእጅ ያለው ልጁ ነው። «እምነት ጎድሎት ነው» ተባለ። «የተሰወረ ኃጢአት ሳይኖርበት አይቀርም» ተባለ። በአንድ የወጣቶች ስብሰባ ላይ እሱ እዚያው ተቀምጦ ‹የሚያግደው መንፈስ እንዲለቀው› ተብሎ በስሙ ተጸለየለት። ከዚያ ቀን በኋላ አልመጣም።

እናቱ ወደ እኔ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ። እሱስ ልጅ ነው። እናንተ ግን ትልልቆቹ የት ነበራችሁ?» አለችኝ።

ከአንድ ሽማግሌ ጋር ቤቱ ሄድን። አልተቆጣም፤ ተነሥቶ ተቀበለን፤ ቡና ተፈላ። በረንዳው ላይ ግማሹ የተጠረበ ግንድ ዝናብ እየመታው ወድቋል። ሽማግሌው «ጊዜው ገና ይሆናል፣ ጠብቅ» አሉት። እኔ አላስቻለኝም። «ያ ቃል ከእግዚአብሔር የመጣ አይመስለኝም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ታዲያ ያን ሌሊት ለምን እልል አላችሁ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። በሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ከጅማ ለቆ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ መቱ ስሄድ አውቶቡሳችን በደሌ ላይ ለምሳ ቆመ። መንገድ ዳር አንድ የእንጨት ሥራ ቤት አለ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ ተደርድሯል። አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ከውስጥ «ወንጌላዊ!» ብሎ ጠራኝ። ቅስና መቀበሌን አልሰማም ነበር። አቅፎ ሳመኝ። ሻይ አስመጣ። አግብቷል፣ ወልዷል፣ ሥራው ደህና ነው። በርጩማ ግን አይጠርብም። «በርና መስኮት ይሻላል፣ ሰው ሁልጊዜ ቤት ይሠራል» አለኝ። ለሐጂው ብራቸውን ከስንት ዓመት በኋላ በሰው እጅ ልኮላቸዋል፤ እሳቸው ግማሹን መልሰው ልከውለታል። ቤተ ክርስቲያን ይሄድ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ልጆቼ ይሄዳሉ። እኔ በር ድረስ አደርሳቸዋለሁ» አለኝ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ፤ ተሰነባበትን።

ልጆቼ፣ እንግዲህ የዓመት ቃል ስትጠይቁኝ ቁጭቴ ይህ ነው። አንድ የዘመን መለወጫ ሌሊት የተባለ ቃል ከአንድ ሰው ላይ ሙያውንም ቤተ ክርስቲያኑንም ወሰደበት።

እናንተ የምትወዱት ጥቅስ አለ፤ ኤርምያስ 29፥11። ቲሸርት ላይ አይቼዋለሁ፣ የባጃጅ መስታወት ላይ አይቼዋለሁ፣ የቴሌግራም ፕሮፋይላችሁ ላይ አይቼዋለሁ። እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሚያስበው የሰላም ሐሳብ እንደሆነ፣ ፍጻሜና ተስፋ እንደሚሰጣቸው ይናገራል። ደስ ይላል፤ እውነትም ነው። ከፍ ብላችሁ ምዕራፍ 28ን አንብቡ እስቲ። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ነበር። በሕዝብ ፊት ቆሞ «በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹ ከባቢሎን ይመለሳሉ» አለ። በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውን የእንጨት ቀንበር ወስዶ ሰበረው። አስቡት፤ ያን ቀን እልልታው ምን ያህል ይሆን? ኤርምያስ ራሱ መጀመሪያ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ነበር ያለው። እሱም ቢሆን ወገኖቹ ቢመለሱለት ይወድ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ ሰባ ዓመት። ስለዚህ ለምርኮኞቹ የጻፈላቸው ደብዳቤ ላይ ከዚያ ከምትወዱት ቁጥር በፊት፣ ቁጥር 5 ላይ፣ ቤት ሥሩና ኑሩበት፣ ተክል ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ ይላል። አግቡ፣ ውለዱ ይላል። ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላል፤ ያቺ ከተማ የማረከቻቸው ባቢሎን ነች! ቁጥር 11 የተባለው ይህን ሁሉ ለሚያደርጉ ሰዎች ነው። ሻንጣ አስሮ በር ላይ ለተቀመጠ ሰው አይደለም።

ከበደሌ ወደ መቱ ሲኬድ ሑሩሙ ትገኛለች። ያን ቀን በመኪና መስኮት ሳያት ስለ አናሲሞስ ነሲብ አሰብኩ። እዚያ አካባቢ ነው የተወለደው። በልጅነቱ ተፈንግሎ ለባርነት ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። የስዊድን ሚሲዮናውያን አስተማሩት፤ ስዊድን ድረስ ሄዶ ተማረ። ከዚያ የቀረው ፍላጎት አንድ ብቻ ነበር፤ ወደ ወገኖቹ ተመልሶ ወንጌልን ማድረስ። ደጋግሞ ሞከረ። አንዱ መንገድ ሲዘጋበት በሌላው ዞረ፤ እሱም ተዘጋ። ነቀምት የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ነፃ ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ኤርትራ ውስጥ ተቀምጦ ምን ሲያደርግ ነበር? ሲተረጉም። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1893፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታትሞ ወጣ። አስቴር ጋኖም አብራው ነበረች፤ እሷም ከባርነት የወጣች ናት፤ ቋንቋውን ከሱ ይልቅ ያልረሳች እሷ ስለ ነበረች ቃላቱን ትሰበስብለት ነበር። መንገዱ ቶሎ ተከፍቶላቸው ቢሆን ኖሮ ያ መጽሐፍ ያኔ ባልኖረ ነበር እላለሁ። አባቴ ያነብብልን የነበረው እሱን ነው። መሸት ሲል ደግሞ የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ይከፈታል፤ ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል፤ ደርግ በ1969 ዓ.ም. ጣቢያውን እስኪወርሰው ድረስ። ያ ድምፅ ሲጠፋ አባቴ ራዲዮውን በጨርቅ ሸፍኖ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠው፤ ሌላ ጣቢያ አልከፈተበትም። ከጉዳዬ ወጣሁ፣ ይቅርታ።

አገር ለቆ መሄድ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። የእኔም ልጅ ውጭ አገር ነው የምትኖረው፤ የላከችልኝን መነጽር አድርጌ ነው ይህን የምጽፈው። ግን ጉዲና ቱምሳንም አስታውሱ። የቤተ ክርስቲያናችን የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበር። ከአገር እንዲወጣ ዕድል ተመቻችቶለት ነበር፤ መንጋዬን ጥዬ አልሄድም ብሎ ቀረ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መርቶ ሲወጣ ታፍኖ ተወሰደ፤ ተገደለም። አስከሬኑ የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤቱ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ያህል ታስረዋል። ለነዚህ ሰዎች ማንም ‹የከፍታ ዓመት› አላወጀላቸውም።

የዛሬ ወጣቶች ብዬ ልቆጣ ነው፤ ፍቀዱልኝ። ቸኩላችኋል። አንድ ስብከት እስከ መጨረሻው አትሰሙም፤ የተቆረጠችዋን አንድ ደቂቃ ቲክቶክ ላይ ታያላችሁ፣ ከሥር «አሜን» ትጽፋላችሁ፣ ታልፋላችሁ። በአንድ ሌሊት የማታውቁትን አምስት አገልጋይ ትሰማላችሁ። አጠገባችሁ የምትቀመጠውን ልጅ ስም ግን አታውቁም። ልብሳችሁ ለአምልኮ ነው ወይስ ለፎቶ የሚያሰኝ ጊዜ አለ። ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ ከመዘምራኑ ሁለቱ ቀን ዩኒቨርሲቲ ውለው ማታ እስከ አራት ሰዓት ባጃጅ እንደሚነዱ አውቃለሁ። አንዷ ሦስት ታናናሾቿን ታስተምራለች። እኛ በእናንተ ዕድሜ እንዲህ አልሠራንም። ስለዚህ የተቆጣሁትን ግማሹን ውሰዱት፣ ግማሹን ተዉልኝ።

ትንቢትን ንቆ የሚጽፍ አድርጋችሁም አታንብቡኝ። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ትንቢትን አትናቁ ይላል፤ እዚያው ላይ ሁሉን ፈትኑ ይላል። በማኅበራችን አንዲት እናት አሉ፤ ሕልም አይተው ማለዳ ቤቴ ሲመጡ ወንበር ስቤ እሰማቸዋለሁ። ለታመመ ጸልየን ሲነሣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሉተራውያን ነን ብለን መንፈስ ቅዱስን በር ላይ አናቆመውም። ግን እግዚአብሔር ለእኔ ያለውን የት እንደማገኘው ስጠየቅ እጄን የምዘረጋው ወደ ቃሉ፣ ወደ ጥምቀቴ፣ ወደ ጌታ ማዕድ ነው። እነዚህ እስከ ጥምቀት በዓል ድረስ ብቻ የሚሠሩ አይደሉም። ለአንዱ ተሰጥተው ለሌላው የማይደርሱም አይደሉም። የሚነገርህ ቃል ሙያህን የሚያስጥልህ፣ ዕዳ የሚያስገባህ፣ ሳይፈጸም ሲቀር ደግሞ ጥፋተኛው አንተው ከሆንክ፣ ወንድሜ፣ ተነሥና ውጣ። እኔ ብናገረውም ውጣ።

ታዲያ ለማኅበራችን በአዲሱ ዓመት የምመኘው ምንድን ነው? ብዙ ነው።

ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ለሕፃናትና ለቤተሰብ የጻፈው ትንሹ ካቴኪዝም የሚባል የእምነት መማሪያ አለ። የማጽኛ ትምህርት፣ በሕፃንነት የተጠመቀ ሰው አድጎ እምነቱን የሚያጸናበትን፣ የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ወይም ረስታችሁታል። እዚያ ላይ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን» የሚለው ምን ማለት እንደሆነ ሲያብራራ ይዘረዝራል። ምግብ ይላል፣ ልብስ፣ ጫማ፣ ቤት፣ እርሻ፣ ከብት፣ ገንዘብ ይላል። መልካም የትዳር ጓደኛ፣ መልካም አስተዳደር፣ ሰላም፣ ጤና፣ ጥሩ የአየር ሁኔታ፣ ታማኝ ጎረቤት ይላል። ለጅማ ከዚህ የበለጠ የዓመት ጸሎት አላውቅም። ዝናቡ በጊዜው ያቁምልን፤ ቡናው ሲቀላ ዝናብ ከመታው ማስጫው ላይ ይበላሻል፤ ገበሬው ጎማና ማና ወረዳ ላይ ያለቅሳል፣ እኛም መባው ሳጥን ላይ እናየዋለን። መንገዱ ሰላም ይሁን። ጎረቤት ታማኝ ይሁን። ሐጂውን አስቡ። በእንቁጣጣሽ ጠዋት ዳቦ ቆርሳችሁ መጀመሪያ የእስላም ጎረቤታችሁን ቤት አንኳኩ፤ በዒድ እነሱ ያደርጉታል።

የማጽኛ ትምህርቱም ዘንድሮ ሙሉውን ይሰጥ እላለሁ፤ በሦስት ቅዳሜ ተጨርሶ ፎቶ አይነሣበት። መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ስትመሠረት ምእመኗ 20 ሺህ ያህል ነበር። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ስንበዛ ሳንተዋወቅ መብዛት ጀምረናል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ለወራት ሳይመጣ ቀርቶ የነገረኝ የሰፈሩ ባለ ሱቅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የመዘምራን ክፍል የቀረውን ሰው እዚያው እሑድ ከሰዓት ሄዶ ይይ። ስልክ መደወል አይቆጠርም።

ሥራ ያላችሁ ሥራችሁን ጥሩ አድርጋችሁ ሥሩ። ቡና የምትለቅሚ፣ ጥቁሯን ፍሬ ከነጯ ስትለዪ እግዚአብሔርን እያገለገልሽ ነው። አገልግሎት መድረክ ላይ ብቻ ነው ያለሽ ማን ነው? ይህን ነገር ቤተ ክርስቲያናችን ከጥንት ጀምሮ ታስተምራለች፤ እኛ ግን በተግባር ማይክ የያዘውን ብቻ ‹አገልጋይ› እንላለን። ለዚያ ልጅ «እንጨቱን ጣል» ሲባል አሜን ያልነው እንጨት መጥረብ አገልግሎት አልመስለን ብሎ ይመስለኛል። የሠራቸው በርጩማዎች እኮ ዛሬም በየቤቱ አሉ፤ ሰው ተቀምጦባቸው ቡና ይጠጣል።

ሌላው የሆስፒታሉ ነገር ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከመቱ፣ ከበደሌ ታማሚ ይመጣበታል። ታማሚው አልጋ ያገኛል፤ አስታማሚው ግን ብዙ ጊዜ ማደሪያ የለውም። ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፎ ያድራል፣ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ያነጋል። ስንቁ በሦስተኛው ቀን ያልቃል። የመድኃኒት ወረቀት ይዞ የት እንደሚሄድ የማያውቅ አባት በር ላይ ቆሞ አይቻለሁ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከአዳራሻችን ብዙም ሳይርቅ ነው።

ለባነሩ ያዋጣችሁት ብር ካልተከፈለ ለዚህ ይዋል። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለችው ቅዳሜ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢያችን ውስጥ እንገናኝ። ትልቅ ቴርሞስ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። እናቶች ዳቦ እንጋግራለን ብለዋል። የጤና ተማሪዎቹ ካርድ ክፍልና ፋርማሲ ማሳየት ትችላላችሁ። ስብከት አይኖርም፤ ጸልዩልኝ ያለ ካለ ትጸልያላችሁ። የከፋን ቋንቋ፣ ካፊኖኖን፣ የምትችሉ ካላችሁ ደግሞ አትቅሩ፤ ከቦንጋ ወዲያ ከሚመጡት እናቶች አንዳንዶቹ ሐኪሙ ያላቸውን የሚነግራቸው ሰው የላቸውም።

እንኳን አደረሳችሁ።